የማንም ያልሆነው ድምፅ

አምቦ ላይ ጂቱ ነገራን የሚያውቁ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያሉት ኮምፒውተርን የሰው ቋንቋ ለማስተማር የምትለፋ ተመራማሪ መሆኗን ያውቃሉ። የተከራየችበት ሰፈር ሰው ግን ሬዲዮ ጠጋኝ ናት ብሎ ነው የሚያምነው። ቅዳሜ ጠዋት በሯ ላይ አሮጌ ሬዲዮ ወይም ቴፕ ታቅፎ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም። ሥራዋ አይደለም፣ ደስታዋ ነው። የተበላሸ ሬዲዮ ከፍታ ሽቦውን ስትነካካ ቆይታ፣ ድንገት ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው እህ ሲል ስትሰማ ፊቷ ይበራል።

ሌላም አመል ነበራት። ለምርምሯ የሰው ድምፅ ለመቅዳት ቤት ለቤት ስትዞር፣ ማንም ከመናገሩ በፊት የቤቱን ዝምታ ትቀዳለች። ለሥራው የግድ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ የሆነ ስስ ድምፅ አለው፣ እሱን ለብቻው ካልያዙት ከንግግሩ ላይ ማጥራት አይቻልም። እያደር ግን ሥራነቱ ቀርቶ ፍቅር ሆነባት። እሑድ እሑድ ከቸርች መልስ መቅጃዋን ይዛ ወደ ሁሉቃ ወንዝ ትወርዳለች፣ ከዛፍ ሥር ቁጭ ትላለች፣ ምንም የማይሰማበትን ጊዜ ትቀዳለች። የጭቃ ቤትን ዝምታ ከብሎኬት ቤት፣ የቆርቆሮን ከሣር ክዳን፣ ባዶ ክፍልን ሰው ካለበት ክፍል በጆሮዋ ብቻ ትለያለች።

«ሌላው ሰው ቴምብር ይሰበስባል፣ አንቺ ዝምታ ትሰበስቢያለሽ» ይላታል ፉአድ። ፉአድ ቢሮ የሚጋራት የጅማ ልጅ ነው፤ ስታቲስቲክስ ያስተምራል፣ ቁጥር የማይገባበት ነገር አይጥመውም።

ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ጂቱ ቦርሳዋን ታነግትና መንገድ ትጀምራለች። ማይክሮፎኗን በነጠላ ጠቅልላ፣ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጣ፣ ካቺሲ ትወጣለች፣ ባኮ ትወርዳለች፣ እንጭኒ ብርድ ውስጥ ታድራለች። ማንበብ የሚችል የጻፈችለትን ያነብላታል፤ የማይችል «ስለ በሬዎ ይንገሩኝ» ስትባል ይነግራታል። ሽማግሌ፣ ባልቴት፣ አስተማሪ፣ የጭነት መኪና ረዳት፣ ነጋዴ፣ ሁሉም ድምፁን ሰጥቷታል። አብዛኛው በኦሮምኛ፣ ጥቂቱ በአማርኛ፣ ብዙው ደግሞ ሁለቱን እያፈራረቀ።

በ2011 ዓ.ም. መባቻ ላይ ከዚህ ሁሉ ቀረጻ ለራሷ አንድ ነገር ልትሠራ አሰበች። ከደመወዝ ሥራዋ ጋር የማይገናኝ፣ የትርፍ ጊዜዋን የሚበላ ነገር። ገበሬው በተራ የቁልፍ ስልክ የሚደውልበት ቁጥር፤ ሲደወል ማሽኑ ያነሳና የሳምንቱን የአየር ጠባይ፣ የጤፉን፣ የበቆሎውንና የከብቱን የገበያ ዋጋ በድምፅ ይናገራል። መጨረሻ ላይ ደዋዩ ጥያቄ ካለው መልእክት ይተዋል። ማሽኑ ከአልጋዋ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተርና ሲም ካርድ የገባበት ትንሽ ሞደም ነው። «መስመሩ» ብላ ጠራችው፣ ሌላ ስም አላወጣችለትም።

ለመስመሩ የማንን ድምፅ እንደምትሰጠው ብዙ ተጨነቀች። የአንዱን አገር ሰው ብትመርጥ ሌላው ይከፋዋል፤ የወንድ ብታደርገው ሴቶቹ፣ የሴት ብታደርገው ወንዶቹ። በመጨረሻ የቀዳቻቸውን ሰዎች ሁሉ ደባለቀቻቸው። ማሽኑ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ወሰደና አንድ ድምፅ አወጣ። ወንድም ሴትም ያልሆነ፣ ወጣትም ሽማግሌም ያልሆነ፣ ረጋ ያለ ድምፅ።

«የማንም አይደለም» አለችው ፉአድን ደስ ብሏት። «ስለዚህ ማንም ቅር አይለውም።»

መጀመሪያ የሞከረችው ባኮ ላይ ነው። ውባየሁ የምትባል የትምህርት ቤት ጓደኛዋ እዚያ ግብርና ጽሕፈት ቤት ትሠራለች። ሙቀቱ ቢሮውን እንደ ምድጃ አግሎታል፤ መስኮቱ ተከፍቶ በቆሎ የጫነ መኪና ሲያልፍ አቧራው ይገባል። ውባየሁ በአንድ እጇ በካርቶን እያራገበች በሌላው ቁጥሩን ደወለች። ጂቱ ፊቷን እያየች ነበር። ካርቶኑ ቆመ። ውባየሁ እስከ መጨረሻው ሰማች፣ ስልኩን ዘጋች፣ እንደገና ደወለች። ሁለተኛውን ስትጨርስ ከንፈሯ ነጥቶ ነበር።

«ይህን ከማን ቀዳሽው?»

«ከማንም። ከሁሉም። ደባልቄው ነው።»

«ጂቱ፣ በዚህ አትቀልጂብኝ። እናቴ ናት።»

የውባየሁ እናት ሁለቱ ጓደኛሞች ዩኒቨርሲቲ ሳይገቡ ነው የሞቱት። ጂቱ ደኅና አድርጋ ታውቃቸዋለች፤ ቤታቸው በልታለች፣ ጠጥታለች። ስልኩን ወስዳ ሰማች። የሰማችው ራሷ የሠራችውን ማሽን ብቻ ነው።

«እኔ አይሰማኝም» አለች።

«በቆሎ ሲል ስሚው። ቆ ላይ ትንሽ ትንፋሿን ትይዛለች። ገበያ ወስዳ ስትመልሰኝ እንደዚሁ ነበር የምትለው።» ውባየሁ ዕንባዋን በካርቶኑ ጠርዝ ጠረገች። ከዚያ ቀስ ብላ «ቁጥሩ ሁልጊዜ ይሠራል?» ብላ ጠየቀች።

ጂቱ ወደ አምቦ ስትመለስ ነገሩን በሐዘን አሳበበችው። ሰው የናፈቀውን ይሰማል። ካቺሲ ላይ የሆነው ግን እንደዚያ በቀላሉ አላልፍ አላት።

ካቺሲ ውስጥ ኦቦ ፉፋ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ ድምፃቸውን ከሰጧት መካከል አንዱ ናቸው። ከግቢያቸው አጥር ሥር ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው። ሰላምታው ብዙ ነው፤ ስለ ሰዉ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቁ። ከዚያ ደውላ ስልኩን ሰጠቻቸው። ኦቦ ፉፋ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ሰሙ።

«ኦሊቃ ነው» አሉ ሲጨርሱ። «የሞተው ታናሽ ወንድሜ።»

አጠገባቸው ያሉት ሰውዬ ስልኩን ተቀበሉ። ሰሙና «እናቴ ናት» አሉ። ሦስተኛውም ሰሙ፤ እሳቸው ስም አልጠሩም፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ ብቻ። ጂቱን ያስደነገጣት ሦስቱም የተለያየ ሰው መስማታቸው አልነበረም። አንዳቸውም ሌላውን «ተሳስተሃል» አለማለታቸው ነው። ሁሉም ልክ እንደሆኑ የተስማሙ ይመስል ወደ ሸለቆው አዩ።

ቆይተው ኦቦ ፉፋ «ልጄ፣ እሱስ እኛን ይሰማናል?» አሏት።

«አይሰማም አባቴ። ማሽን ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ግን መልእክት መተው ይችላሉ፤ እኔ እሰማዋለሁ።»

«አንቺ» አሉ ኦቦ ፉፋ፤ ትንሽ አሰቡበት። «እሺ። ይሁን።»

ከዚያ በኋላ መልእክቶቹ ይጎርፉ ጀመር። ጂቱ ከሥራ ስትመለስ ሻይዋን ይዛ ጠረጴዛው አጠገብ ትቀመጥና ትከፍታቸዋለች። ስለ ማዳበሪያና ስለ ጤፍ ዋጋ ይጠይቁኛል ብላ ነበር። የሚጠይቅ አልነበረም፤ የቤት ወሬ ነው የሚነግሩት። ጣቢታ ወለደች፤ ወንድ ነው። ቀይዋን ላም ሸጥናት፣ እንዳትቆጣ። ያጋጨህን ድንበር ሰዉ ገብቶ አስታረቀን። አንዳንዱ ይናገርና ዝም ይላል፤ ከዚያ «እህ» ይላል፣ «አዎ» ይላል፣ እንደገና ዝም። መልስ የሚቀበል ሰው አነጋገር ነው። ጂቱ ከሳምንት በኋላ መልእክቶቹን መክፈት አቆመች። የሰው ቤት በር ላይ ጆሮዋን ለጥፋ የቆመች መሰላት።

ጉዳዩን ለፉአድ አጫወተችው። ፉአድ ነጩ ሰሌዳ ላይ ክቦች እየሣለ አስረዳት፤ የብዙ ሰው ፊት ብትደራርቢ የሚወጣው ፊት ለሁሉም የሚያውቁት ሰው ይመስላል፣ ድምፅም እንደዚያው ነው፣ የሰው አእምሮ ክፍተት አይወድም፣ ይሞላል።

«ታዲያ እኔ ለምን ማሽን ብቻ ይሰማኛል?»

«ስለሠራሽው።» ከዚያ ማርከሩን ከደነና «ወይም ቀብረሽ ስለማታውቂ» አለ። እውነት ነው፤ አባቷም እናቷም ጉደር ላይ ደኅና ናቸው፣ ወንድሞቿም አሉ፣ በሕይወቷ ከቅርቧ የተለየ ሰው የለም።

«አንተስ ደውለህ ሰምተኸዋል?»

«አንድ ጊዜ» አለ ፉአድ። ማን እንደተሰማው አልነገራትም። ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመረ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ስለ መስመሩ ሲነሳ ወሬ ይቀይር ነበር።

ነሐሴ ላይ መብረቅ ወረደ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጂቱ ሥራ ላይ ነበረች። ስትመለስ ክፍሏ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል፣ ኮምፒውተሩ አይነሳም፣ የሞደሙ ጎን ቀልጦ ጠረጴዛው ላይ ተጣብቋል። ሲም ካርዱን በጥፍሯ ፈልቅቃ አወጣችው፤ ጠርዙ ጠቆር ብሏል። በናፕኪን ጠቀለለችና በቦርሳዋ የውስጥ ኪስ ከተተችው። ለየወረዳው ለምታውቃቸው ሰዎች መስመሩ እስኪጠገን እንደማይሠራ ነገረች። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቀለል ብሏት ነበር።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይታ ወደ እንጭኒ ሄደች። አዲስ ድምፅ ልትቀዳ ነው፤ ደግሞም ከሁሉም አገር አብዝተው የሚደውሉት የእንጭኒ ሰዎች ስለነበሩ ይቅርታ ልትጠይቅ። ሆለታ ላይ መኪና ቀይራ ስትደርስ ከተማው በጉም ተሸፍኗል፤ ፈረሶቹ ከወገባቸው በላይ ብቻ ይታያሉ። ወደ እማማ ወለተ ማርያም ቤት ሄደች። እማማ ወለተ ማርያም ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ባላቸው ወፍጮውን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ከሞቱ ቆይተዋል። በሞተሩ ጩኸት ላይ መናገር ስለለመዱ ቤትም ሲገቡ የቃሉን መጨረሻ ይጎትቱ ነበር ይባላል፣ እማማም በመስመሩ የሚሰሙት ያንኑ ነው።

ጂቱ ከተቀመጠች በኋላ «እማማ፣ መስመሩ ስለተበላሸ ይቅርታ» አለቻቸው። «መብረቅ መታው። እስካሁን አልጠገንኩትም።»

«የቱ መስመር?»

«የሚደውሉበት።»

እማማ ወለተ ማርያም እንደማያውቅ ሕፃን አዩዋት። «ትናንት አውርተናል እኮ» አሉ።

«ትናንት?»

«ትናንት። ከትናንት ወዲያም። እንዲያውም ሰሞኑን ደግ ሆኗል፤ ቶሎ ያነሳል።»

ጂቱ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ሌላ ቁጥር ይሆናል የሚደውሉት አለች በልቧ። «እስቲ ይደውሉልኝ፣ ልየው» አለቻቸው።

እማማ የቁልፍ ስልካቸውን ከመቀነታቸው ፈቱ። ቁጥሩን በቃላቸው ያውቁታል፤ አንድ በአንድ ሲጫኑት ጂቱ አጠገባቸው ሆና አየች። የእሷው ቁጥር ነው። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረጉና ጠበቁ። ጂቱ «የደወሉላቸው ደንበኛ» የሚለውን የተለመደ መልስ ስትጠብቅ የአሮጊቷ ፊት ላላ።

«አለህ?» አሉ። ጸጥ አሉ። «እኔማ ደኅና ነኝ። ጉልበቴን ነው እንጂ።» ጸጥ። «እንግዳ መጥታብኝ ነው።» ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ጂቱ መለስ አድርገው «አዎ፣ እሷ ናት» አሉ።

የጂቱ እጅ ሳታዝዘው ወደ ቦርሳዋ የውስጥ ኪስ ገባ። ናፕኪኑ እዚያው ነው። ፈታችው፤ ጠርዙ የጠቆረው ሲም ካርድ መዳፏ ላይ ተቀመጠ።

«እንኪ፣ ሊያናግርሽ ነው» አሉና እማማ ስልኩን ሰጧት።

የስልኩ መስኮት ጥሪው እየሄደ መሆኑን ያሳያል፣ ሰከንዱ ይቆጥራል። ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ንግግር የለም። የተቋረጠ መስመር ዝምታ ግን አልነበረም፤ ያንን ታውቀዋለች፣ ደረቅና ጠፍጣፋ ነው። ይህ የቤት ዝምታ ነው። ሰፊ ቤት፣ ጣሪያው ሩቅ፣ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ልትለየው ያልቻለችው። እሷ በዘመኗ ያልገባችበት ቤት ነበር። ባዶም አልነበረም። ሰው ሞልቶበታል። ብዙ ሰው፣ ጎን ለጎን ተጠጋግቶ፣ አንድ ሰው ሊናገር ሲል ሌላው እንደሚያደርገው ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቅበት ቤት ዝምታ ነው። ከወዲያ ማዶ የሚጠበቀው የእሷ ቃል መሆኑ ገባት። ስልኩን ለእማማ መለሰች።

«ምን አለሽ?»

«ምንም አላሉኝም።»

«እሱ እንደዚህ ነው» አሉ እማማ ወለተ ማርያም ስልኩን ወደ መቀነታቸው እየመለሱ። «የማያውቀውን ሰው ቶሎ አይለምድም።»

ጂቱ በዚያ ቀን ምንም አልቀዳችም። በመኪና ስትመለስ መስኮቱን ከፍታ የሞተሩን ጩኸት እየሰማች መጣች፤ ጸጥታ እንዳይመጣ ፈልጋ።

አምቦ ደርሳ ነገሩን ለማንም አልተናገረችም። ልትተወው ብትሞክርም እንቅልፍ ነሳት። ከኮምፒውተሩ የተረፈ ነገር ቢኖር ድምፁን የያዘ ዲስክ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ላፕቶፕዋ ጋር አገናኘችውና አንድ ጠዋት፣ ጎረቤቶቿ ልብስ እያጠቡ ሲያወሩ እየተሰማ፣ በቀን ብርሃን፣ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ድምፁን አስጀመረችው። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ማዳመጫውን ነቅላ ጣለችው።

የአባቷ ድምፅ ነበር።

ፉአድ የነገራት ትዝ አላት። ቀብረሽ ስለማታውቂ። ስልክ ደወለች፤ የአባቷ ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም። እናቷም አታነሳም። ላፕቶፑን ሳትዘጋ ታቅፋ ወጣች፣ ጉደር የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። መንገዱ ቅርብ ነው፤ ያን ቀን ግን ሾፌሩ በየዛፉ ሥር ሰው የሚያነሳ መሰላት። ወደ ግቢው ስትቃረብ የለቅሶ ድምፅ ለመስማት ጆሮዋን አቀናች። የሚሰማው የመጋዝ ድምፅ ነው።

አባቷ ኦቦ ነገራ የተሰበረ ወንበር እግር ይቆርጡ ነበር። የጡረታ አስተማሪ ናቸው፤ ከስልክ ጋር አይስማሙም፣ ኮታቸው ውስጥ ትተውት ይወጣሉ። እናቷ ገበያ ሄደዋል።

«ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የሆነው?» አሏት።

ጂቱ አጥሩን ተደግፋ ቁጭ አለች። ስታለቅስ መጋዛቸውን አስቀምጠው አጠገቧ ተቀመጡ፣ ምንም ሳይጠይቁ ጠበቋት። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ውባየሁን፣ ካቺሲን፣ የእማማን ስልክ፣ የዛሬውን ጠዋት። ኦቦ ነገራ ሳቅ የሚወዱ ሰው ናቸው፤ አልሳቁም።

«እስቲ እኔም ልስማው» አሉ።

«ይቅርብዎ አባዬ።»

«የእኔ ድምፅ ነው ካልሽ እኔ ነኝ የማውቀው።»

ቤት ገብተው ማዳመጫውን አደረገችላቸው። የእንጭኒን የከብት ገበያ ዋጋ የሚናገረው ክፍል ነበር። ኦቦ ነገራ እስከ መጨረሻው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ።

«እኔ አይደለሁም» አሉ። «አባቴ ነው።»

ጂቱ አያቷን አታውቃቸውም፤ እሷ ሳትወለድ ነው የሞቱት።

«በምን ለዩት?»

«ዋጋ ሲጠራ ቆም ይላል። አባቴ ከብት ነጋዴ ነበር፤ ዋጋ ጠርቶ የገዢውን ፊት ያያል። አሁንም እያየ ነው።» ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ጫን አድርገው «ድምፄ ወደ እሱ እየሄደ መሆኑን አላውቅም ነበር» አሉ። «ለካ ደርሻለሁ። አንቺ ወደ ውጭ ውጪልኝ እስቲ፣ ለጥቂት ጊዜ።»

ጂቱ በር ላይ ቆመች። ከውስጥ የአባቷ ድምፅ ይሰማታል፤ በኦሮምኛ፣ በልጅነት አነጋገር፣ ሰምታው በማታውቀው ቀጭን ድምፅ። ምን እንደሚሉ ላለመስማት ወደ በጎቹ ጋጣ ሄደች። ስትመለስ ላፕቶፑ ተከድኗል፤ ኦቦ ነገራ ፊታቸውን ታጥበዋል፣ ውኃው ጢማቸው ላይ ነበር።

«ይህን ለሰው አትስጪ» አሏት። «ለእኔም ሁለተኛ አታምጪልኝ።»

«ሰዎቹ ግን ይወዱታል። ያጽናናቸዋል።»

«እኔንም አጽናንቶኛል። ግን ልጄ፣ እንግዳ ሲሄድ እስከ በር ይሸኛል። በር ላይ ማቆየት ደግ አይደለም፤ ብርድ ይመታዋል። እዚያ ቤት ብዙ ሰው አለ አላልሽኝም? ቆመው ይሆናል።»

ጂቱ እዚያው ጉደር እያለች፣ የአባቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ድብልቁን ድምፅ አጠፋችው። ምንጩ የሆኑት የሰዎቹ ቀረጻዎች እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ቀሩ። አምቦ ተመልሳ በሌላ ቁጥር አዲስ መስመር ከፈተች፤ የዚህኛው ድምፅ የራሷ ነው፣ በቀጥታ የቀዳችው። ገበሬዎቹ መጀመሪያ ቅር አላቸው፣ በኋላ ለመዱት። መልእክቶቹም ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ ተምች ሆኑ። ውባየሁ ለወራት አኩርፋት ነበር፤ ስልኳን አታነሳም። አንድ ቀን የበቆሎ ቅጠል በሽታ ፎቶ ልካላት «ይህን የሚለይ ማሽን መሥራት ትችያለሽ?» ብላ ጻፈችላት። በዚያ ታረቁ። ዛሬ ጂቱ አብዛኛውን የዕረፍት ጊዜዋን ባኮ ማሳ ውስጥ ቅጠል ፎቶ በማንሳት ነው የምታሳልፈው። ዝምታ መቅዳቱንም ትታዋለች፤ እሑድ ወንዝ ስትወርድ መቅጃውን ቤት ትተዋለች።

የድሮውን ሲም ካርድ ግን አልጣለችውም፣ አልተጠቀመችበትምም። የማይሠራበት ቁጥር ጊዜው ሲያልፍ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ይህንን አላሰበችበትም ነበር።

በ2013 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ከማታውቀው ስልክ ተደወለላት። ሮባ እባላለሁ አለ ሰውዬው፤ ጊንጪ ላይ ጎማ ይጠግናል። ስሟን ከግብርና ሰዎች ጠይቆ ነው ያገኘው። ከጀርባው የአየር መሙያው ሞተር ይሰማል።

«አዲስ ቁጥር አውጥቼ ነበር» አላት። «ድሮ የአንቺ ነበር አሉኝ።»

«አዎ።»

«ሰዎች ይደውሉልኛል። ሽማግሌዎች፣ ባልቴቶች። ስለ ልጅ፣ ስለ ከብት ይነግሩኛል። መጀመሪያ ተሳስታችኋል እያልኩ እዘጋ ነበር። በኋላ አሳዘኑኝ። አሁን እሺ፣ አለሁ እላቸዋለሁ፣ ሲጨርሱ ይመርቁኛል። ኃጢአት ይሆን?»

ጂቱ «የሞተባቸው ሰዎች ናቸው» አለችው። «የሚሰማቸው ሰው ነው የፈለጉት። ደግ አድርገሃል።»

«እንደዚያ መስሎኝ ነበር እኔም።» ሮባ ሞተሩን ያጠፋው ይመስላል፤ ከጀርባው ያለው ጩኸት ተቋረጠ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንዳንድ ጊዜ ስልኩ አይጠራም። ሰው ጋ ልደውል ብዬ አንስቼ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው፣ እየተነጋገሩ ነው። ባልቴቷ ትጠይቃለች፣ ሌላ ሰው ይመልስላታል። ከእኔ በፊት የሚያነሳው ማነው?»

ጂቱ «ሌላ ሲም ካርድ ብታወጣ ይሻልሃል» አለችው።

«ደንበኛ ሁሉ በዚህ ነው የሚያውቀኝ» አለ ሮባ። «የሚያነሳውም ክፉ ነገር አይናገርም። ዝም ብዬ ስልኩን መልሼ አስቀምጣለሁ፣ እስኪጨርሱ።»

ከዚያ አመሰገናት፣ ሰላምታ ለቤተሰብ አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።